በጋቢ ጫፍ የተቋጠረው ሥር

አንድ ገበሬ ነበረ።

«ጠይቄዋለሁ፤ የለም አለኝ፤ እኔም ቅጹ ላይ የለም ብዬ ጻፍኩ። ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ እንደናንተ አራት ዓመት ቁጭ ብዬ የተማርኩ ነርስ አይደለሁም፤ ቁስል ሳጥብ ያረጀሁ ድሬሰር ነኝ። ስለ ጥፋት ስትጠይቂኝ የሚመጣልኝ ይህ ገበሬ ብቻ ነው። ቁጭ በይና ስሚኝ። ሻይሽ ይቀዘቅዛል፤ ይቀዝቅዝ።

ገበሬው ቃሉ የታመነ ሰው ነበረ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ኋላ ስለሚያስፈልግሽ ነው። በአገሩ የድንበር ጠብ በተነሳ ቁጥር ከሳሽም ተከሳሽም እሱኑ ምስክር ይቆጥሩ ነበር። ሽማግሌዎቹም «እሱ አለ ካለ አለ፤ የለም ካለ የለም» ይሉና ሌላ ሰው ሳይሰሙ ይፈርዱ ነበር። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሙ የጎረቤቱን ማሳ ሁለት ክንድ ገፍቶ ሲያርስ አየው። ቀርቦ በወንድሙ ላይ መሰከረ። ወንድሙ ሦስት ዓመት አኮረፈው፤ እሱ ግን ቃሉን አላጠፈም። እንዲህ ያለ ሰው እኔ በዕድሜዬ ካንድ እጅ ጣት በላይ አልቆጠርኩም፤ አንቺም ብዙ የምታገኚ አይመስለኝም።

ይህ ሰው ክረምት ላይ ሳል ያዘው። ሚስቱ ማንኛዋም ሚስት የምታደርገውን አደረገች፤ ፌጦ በሎሚ ለወሰች፣ ዳማከሴ ጨመቀች፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጠችው። ይህን ሁሉ በዚያ አገር ማንም መድኃኒት ብሎ አይጠራውም፤ የቤት ነገር ነው። ሳሉ ግን ከቤት ነገር በላይ ሆነ። ሰውየው ሞፈር ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ጉልበተኛ ነበር፤ አሁን አንድ ትልም ሳይጨርስ በሬዎቹን አቁሞ ደረቱን ይይዝ ጀመር።

ከወንዙ ማዶ አንድ መድኃኒት አዋቂ ነበር። «ጠንቋይ» ለማለት አትቸኩዪ። ሥሩንና ቅጠሉን ከአባቱ የተማረ፣ ሰው የሚያከብረው ሽማግሌ ነበር። ገበሬውን አስቀምጦ ደረቱን አዳመጠ፣ ምላሱን አየ፣ አንድ የደረቀ ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው። «በየማለዳው ትንሽ ፍቀህ በአጓት በጥብጠህ በባዶ ሆድህ ጠጣ» አለው። «ስሙን አትጠይቀኝ። መውሰድህንም ለማንም አትንገር፤ ከተነገረ ይረክሳል።»

ገበሬው ጠጣ። ሳሉ ለሳምንት ቀለል አለና ተመልሶ መጣ፤ በሁለተኛው ሳምንት አክታው ላይ ደም ታየ። ይህን ጊዜ ሚስቱ፣ «ገበያው ዳር ካለው ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ካልሄድክ እኔ ጎትቼ እወስድሃለሁ» አለችው። ሄደ፣ አክታውን ሰጠ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ማክሰኞ ስትመጣ ካርድ ይወጣልሃል፣ መድኃኒት ትጀምራለህ አሉት።

ማክሰኞ ሲነሳ ሥሩን በጋቢው ጫፍ ቋጠረው። መንገዱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ከራሱ ጋር ተሟገተ። አዋቂው ከተነገረ ይረክሳል ብሎታል። ግን ደግሞ ሁለት መድኃኒት ባንድ ሆድ ይስማማ ይሆን? ሳይናገር ቢቀርና አንዱ አንዱን ቢያጠፋውስ? ጤና ጣቢያው አጥር ጋ ሲደርስ ቆረጠ። «ቢረክስም ይርከስ። የምታክመኝ ሰው ምን እንደምጠጣ ማወቅ አለባት። አሳያታለሁ» አለ። ልብ በይ ልጄ፣ ሊነግራት ነው የመጣው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት ነርስ ነበረች። ስለ እሷም እውነቱን ልንገርሽ እንጂ ለተረቱ ብዬ ክፉ አላደርጋትም። መርፌዋ የማያሳምም፣ በሽተኛ ተኝቶ ምሳዋን የማትበላ ልጅ ነበረች። ባለፈው በጋ እንጥሉ በመንደር ሰው የተቆረጠ ሕፃን እጇ ላይ ደሙ ፈስሶ ሞቶባታል። ከዚያ ወዲህ የባህል መድኃኒት የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ይቀያየር ነበር። ንዴቷ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ያን ሰሞን ደግሞ ከበላይ አዲስ ቅጽ መጣ፤ ከታች በኩል «ታካሚው የባህል መድኃኒት ይጠቀማል?» የሚል አንድ መስመር ነበረበት። አዎ ወይም የለም ብሎ መሙላት ነው። አንቺ የያዝሽው ቅጽ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

አዳዲሶቹ በሽተኞች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። በሩ ክፍት ነው፤ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ውጭ ይሰማል። ከገበሬው ፊት አንዲት አሮጊት ነበረች። ነርሷ ስሟንና ቀበሌዋን ጻፈችና፣ «የሐበሻ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» አለቻት። ሴትዮዋ እናቷን ታክላለች፤ እሷ ግን «አንቺ» ነበር የምትላት። አሮጊቷ ተንኮል የሌላት ሰው ነበረች። «አዎን ልጄ፣ እንዲያውም ይዤው መጥቻለሁ» አለችና ከነጠላዋ ሥር በቅጠል የተወተፈ ጠርሙስ አወጣች። ሰው ለሐኪም ሲሰጥ እንደሚሰጠው በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

ነርሷ በሁለት ጣቷ ተቀበለችው። ውታፉን ነቅላ አሸተተችና ፊቷን አጨፈገገች። ከዚያ ብድግ ብላ ጠርሙሱን ለአግዳሚው ሁሉ ከፍ አድርጋ አሳየች።

«እዩት! እዩት ይሄንን! ይሄን ሲግቱ ይከርሙና ጉበታቸው ሲያልቅ እኛ ጋ ሊሞቱ ይመጣሉ!»

ደጃፉ ላይ ደፋችው። የአጓት ሽታ ያለው አረንጓዴ ውሃ ነበር፤ ከደረጃው ወርዶ አንድ ሰው እግር ሥር ደረሰ፤ ሰውየው እባብ እንዳየ እግሩን ሰበሰበ። በሩ ጥግ ቁስል ሲያጥብ የነበረ አንድ ወጣት ድሬሰር ይህን አይቶ ሳቀ። እሱ ሲስቅ አግዳሚው ሁሉ ሳቀ።

አሮጊቷ ባዶ ጠርሙሷን አነሳች። «ጠየቅሽኝ እኮ ልጄ፤ ጠየቅሽኝና ነው ያሳየሁሽ» አለች። ክኒኗን ሳትወስድ ወጣች። ተመልሳም አልመጣችም። ከወር በኋላ ካርዷ ላይ «አቋርጣለች» ተብሎ ተጻፈ፤ ማን እንዳስቋረጣት የሚጻፍበት ቦታ ካርዱ ላይ የለም።

ገበሬው ይህን ሁሉ ሲያይ ጣቱ የጋቢውን ቋጠሮ ይዳስስ ነበር። ተራው ደረሰ፤ ገባ። ነርሷ ገና ከንዴቷ አልበረደችም፤ ቀና ብላም አላየችው። ብዕሯን ቅጹ ላይ አድርጋ፣ «አንተስ? እንዲህ ያለ ቆሻሻ የለም አይደል?» አለችው።

«የለም» አለ።

«የለም» ብላ ጻፈች።

ክኒኑን በፊቷ ዋጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ አፉን ከፍቶ አሳየ፣ ወጣ። ያ ሰው በወንድሙ ላይ እንኳ እውነት የመሰከረ ሰው ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ወንዙ ዳር ሲደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሳሉ አልነበረም ያስቀመጠው። በሃምሳ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለውን ነገር የለም ብሎ ነበር፤ ያውም ሕይወቱን ለያዘ ሰው።

ክኒኑ በየቀኑ እሷ ፊት የሚዋጥ ነበርና፣ «ነገ ለብቻዋ ሳገኛት እነግራታለሁ» አለ። በማግሥቱ ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለብቻዋ አገኛትና፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር…» ብሎ ጀመረ፤ እሷ ግን መዝገቧ ላይ አቀርቅራ፣ «ዋጥ፣ ዋጥ አድርገው፤ ሰው ይጠብቀኛል» አለችው። ዋጠው፤ ክኒኑንም ነገሩንም። ከዚያ በኋላማ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ቃሉን የሚያጥፍ ምስክር በአገሩ ምን እንደሚባል ያውቃል፤ ባለ ሁለት ምላስ ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ ምስክር ሆኖ አይቆጠርም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የለም ብሏል፣ የለም ተብሎ ተጽፏል። አሁን አለ ቢል የቱን ይመኑት? ሌላው ሰው ውሸትን ስለለመደ አንዱን በሌላው ይለውጠው ነበር። እሱ ግን ስላልለመደበት አንዷን ውሸት እንደ እውነት ቃሉን ጠበቃት። ደጉ ጠባዩ ነው ያጠመደው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

«ሥሩን ለምን አልተወውም?» ትይኝ ይሆናል። ሳሉ ተሻለው እኮ! ደሙ ቆመ፣ ላቡ ቀነሰ። ግን የቱ እንዳሻለው በምን ይወቅ? ክኒኑም በማለዳ ነው፣ ሥሩም በማለዳ ነው። አንዱን ትቶ ያዳነው እሱ ሆኖ ቢገኝስ? ስለዚህ ሥሩን ጎህ ሲቀድ ቤቱ ይጠጣል፤ ክኒኑን ረፋድ ላይ ነርሷ ፊት ይውጣል። ሥራውን በሚገባ የሚሠራ ገበሬ ነበር፤ አንዱንም ቀን አላጓደለም። ወሩ ሲሞላ ቅጹ እንደገና ይሞላ ነበርና ነርሷ፣ «ያው የለም?» አለችው። «ያው የለም» አላት። ነርሷ በእሱ ትኮራ ጀመር። ለሌሎቹ፣ «እሱን እዩ፤ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም፣ ኮተትም አይጠጣም» ትላቸዋለች። ይህን ስትል ገበሬው መሬት መሬት ያያል። ትሕትና መሰላት።

በሰባተኛው ሳምንት ምግብ ጠላው። ሽንቱ ጠቆረ። አንድ ቀን ሚስቱ በረት ደጃፍ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስታየው ደነገጠች፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። «የወፍ በሽታ ነው» አለች። በዚያ አገር ስለ ወፍ በሽታ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሐኪም ቤት አያድነውም፣ መርፌ ከነካውም ሰውየው ይሞታል ይባላል። አንቺም ከእናትሽ ሰምተሽዋል፤ አልሰማሁም አትበይኝ።

ወንዙን ተሻግሮ ወደ አዋቂው ሄደ። አዋቂው ዓይኑን ገልጦ አየና ፊቱ ከበደው። ይሄን ስሚኝ፤ እሱም ጠየቀው! «ከሐኪም ቤት የምትውጠው ነገር አለ እንዴ? የእኔ መድኃኒት ከነጮች መድኃኒት ጋር አይስማማም። ሁለት ደጅ የሚጠና ሰው አላክምም፤ አትወስድም አይደል?» አለው።

ገበሬው የሽማግሌውን ፊት አየ። የተቆጣ ፊት ነው። የፈሰሰው ጠርሙስ ትዝ አለው።

«የለም» አለ።

እንግዲህ አስቢው። ሁለቱም አካሚዎች ሁለቱ መድኃኒቶች ባንድ ሆድ አይስማሙ ይሆናል ብለው ፈርተዋል። ሁለቱም ጠይቀዋል። ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ይዘው ሄደዋል። አዋቂው ለወፉ ብሎ ሥሩን በእጥፍ አደረገለት።

ገበሬው ለሚስቱ፣ «አደራሽን፣ ጤና ጣቢያ እንዳትናገሪ። ወፍ መሆኑን ካወቁ በመርፌ ይወጉኛል» አላት። በሚቀጥሉት ቀናት ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ይሄድ ነበር። ነርሷ ፊት ሲቆም ያቀረቅራል። «አፍህን ክፈት» ትለዋለች፤ ይከፍታል። ክኒኑ መውረዱን ለማረጋገጥ ምላሱን ታያለች፣ ከምላሱ ሥር ታያለች፣ ምልክቷን ታደርጋለች። ከሰው አፍ እስከ ዓይኑ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ እሷ ግን ያቺን ስንዝር ቀና ሳትል ዘጠኝ ቀን አለፈ። በዘጠኙም ቀን ክኒኑን እጁ ላይ ያስቀመጠችለት እሷ ናት።

በአሥረኛው ቀን ገበሬው ቀረ። ነርሷ ገረማት፤ ሰው ልላክ ስትል ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመውት መጡ። ሆዱ ተነፍቷል፣ ይቃዣል፣ በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ ይቆጣል። አልጋ ላይ ሲያደርጉት ባርኔጣው ወደቀ። ያን ጊዜ ዓይኑን አየችው።

«ዓይንዎ! ምነው፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። «እርስዎ» ማለት ያን ቀን ነው የጀመረችው። ወደ ሚስቱ ዞራ እጇን ያዘቻት። «እባክዎ እናቴ፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? ይንገሩኝ፤ አልቆጣም።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄኔ ነው። ሚስትየዋ ባሏን አየች፤ አደራ ብሏታል። «የለም» አለች፤ እንባዋ እየወረደ።

ነርሷ ደረቱን ልታዳምጥ ጋቢውን ስትገልጥ እጇ ቋጠሮ ነካ። ፈታችው። የተፋቀና የኮሰመነ፣ አውራ ጣት የምታህል ሥር ነበረች።

ሥሯን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። ገበሬው ይሄኔ ነቃ፤ ቅዠቱ ለጊዜው ለቀቀውና መዳፏን አየ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለችው።

«ልነግርሽ ነበር የመጣሁት» አላት። «የመጀመሪያው ቀን። ሴትዮዋ ቀደመችኝ።»

በሩ ላይ የተሸከሙት ጎረቤቶቹና ሌሎች በሽተኞች ተሰብስበው ያዩ ነበር። ገበሬው ዓይኑን ወደ እነሱ አዞረና መልሶ ወደ እሷ አደረገው። እጇን ያዘ።

«ልጄ፣ ሰው ፊት አታፍስሺው» አላት።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚረዳው ነገር አልተናገረም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

የገደለው ሥሩ ይሁን፣ ክኒኑ ይሁን፣ ወይስ ሁለቱ ተጋግዘው ይሁን እኔ አላውቅም። ሐኪሞቹም ቆርጠው አልተናገሩም። ክኒኑም ብቻውን ጉበት የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ተምረሽዋል። የማውቀው አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ ቢነግራት ኖሮ ሥሩን ታስተወው ነበር። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ለታ ቢነግራት ኖሮ ክኒኑንም ለጊዜው ታቆምለት ነበር። ሁለት በር ነበረው፤ ሁለቱም የተዘጉት ያን ማክሰኞ ደጃፉ ላይ ነው።

ከወር በኋላ ከበላይ አንድ ኃላፊ ሊያጣራ መጣ። ካርዱን ገለጠ። «ታካሚው የባህል መድኃኒት ይጠቀማል?» ከሚለው ፊት ለፊት በነርሷ እጅ የተጻፈ «የለም» አገኘ፤ ከሥሩ በወሩ የተጻፈ ሌላ «የለም» አገኘ። «ተጠይቋል፣ ተመዝግቧል። በባለሙያዋ በኩል ጥፋት አልተገኘም» ብሎ ጻፈና ማኅተም አደረገበት። ይኸውልሽ መልሱ! አንቺ ዛሬ ከእኔ የምትፈልጊውን መልስ እሷ ያኔ በማኅተም አግኝታዋለች።

ነርሷ ግን ወረቀቱን አልተቀበለችም። «እሱ አይደለም የለም ያለው» አለች። «እኔ ነኝ። ‹የለም አይደል?› አልኩት። እሱ ያልኩትን ነው የደገመልኝ።» ኃላፊው ሐዘን ያናወጣት መስሎት የአንድ ሳምንት ዕረፍት ሰጣት።

እንግዲህ ልጄ፣ ጥያቄሽ ይኸው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ለበሽተኞችሽ ስትተርቺ ሰምቼሻለሁ። ተረቱ እውነት ነው። ግን እንዲሸሽግ ያደረገውስ? ለእሱ ተረት አልተረተለትም፤ ማኅተም ነው የሚደረግለት። ያንቺ ገበሬ ክፍልሽ ውስጥ አራተኛው አልጋ ላይ የተኛው ሰውዬ ነው። አሮጊቷ ደግሞ ትናንት ጠዋት በዚያው ክፍል፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ዘመን አልፎበታል እኮ ማዘር!» ብለሽ የቅጠሏን ከረጢት ቅርጫት ውስጥ የጣልሽባት ሴትዮ ናት። አራተኛው አልጋ ያይሽ ነበር። እኔም አይሻለሁ። ከሰዓት በኋላ ቅጽሽን ይዘሽ ሄድሽና ጠየቅሽው፤ ምን እንዲልሽ ፈለግሽ?

አፍ የሚመልሰው ለጆሮ ብቻ አይደለም፤ ሰው መልሱን ከመስጠቱ በፊት ሌላው ሲመልስ ምን እንደደረሰበት ያያል። ስለዚህ «ትወስዳለህ?» አትበይ። ወስዷል። ፌጦውንም፣ ዳማከሴውንም፣ ስሙን የማያውቀውን ሥርም ወስዷል። አንቺም ብትታመሚ እናትሽ ትሰጥሻለች፤ አንቺም ለሐኪሙ አትነግሪውም። «ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ይቀምሳሉ? ሕመሙ ሲጀምርዎ ቤት ውስጥ ምን አደረጉለት? የቱ ተሻለዎት?» በይው። ተቀምጠሽ ጠይቂ፤ ከላይ ሆነሽ አትጠይቂ። ካሳየሽም ምንም ይሁን ምን በሁለት እጅሽ ተቀበዪው። አይጠጡት ማለት ካለብሽ ለብቻው፣ ምክንያቱን ነግረሽ በይው። አዋቂውንም አትስደቢበት፤ ያንን ሰው ያምነዋል፣ አንቺን ገና አላመነሽም።

እኔ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሁት? የገበሬው ሚስት ነገረችኝ። አርባው ሲወጣ ቤቷ ድረስ ሄጄ ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ መንገዱን፣ ድንጋዩን፣ አደራውን ሁሉ አጫወተችኝ። ማን እንደሆንኩ ልነግራት ሄጄ ነበር። አፌን ስከፍት ቤቱ በለቅሶኛ ተሞልቶ ነበርና እኔም ዋጥኩት። በሩ ጥግ ቁስል ሲያጥብ የነበረው ድሬሰር እኔ ነኝ። ጠርሙሱ ሲፈስ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ነርሷ ደፋችው፤ ማፈሪያ ያደረገው ግን የእኔ ሳቅ ነው። በእኔ ላይ ማንም ኃላፊ አልመጣም፤ ሳቅ የሚመዘገብበት ቅጽ የለም።

ትናንት አንቺ ከረጢቱን ስትጥዪ ከወዲያ በኩል አንዲት ጓደኛሽ ሳቀች። ሰምቻታለሁ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ሳቅ ስሰማ ነው የኖርኩት።

የእኔ ገበሬ ሞቷል፤ ለእሱ ምንም ላደርግለት አልችልም። ያንቺ ግን ገና ይተነፍሳል፤ ዓይኑም ቢሆን ገና ነጭ ነው። አሁኑኑ ሂጂ። ወንበር ይዘሽ ሂጂ። ቅጹን እዚህ ተዪው።